ከጭረቱ ሁለት ጣት በታች

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ አንድ ዓመት ከምናምን ከግቢ አልወጣም ማለት ይቻላል። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት። የቀረውን ቀን አቮካዶው ሥር ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ቢጠና ደርሼ ልምጣ» ሲለኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ቢጠና የእናቴ አገር ነው። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ እስካሁን እዚያው አለ።

«ቅዳሜ አላስተምርም። ሚኒባስ እንይዛለን» አልኩት።

«በሳይክል ነው የምሄደው» አለ።

ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፣ አንዳንድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ራሱን ያዞረዋል። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። አባቴ ሳይስቅ ሲቀር ነገሩ ማለቁን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ከአባቴ ጋር የምናወራው በወላይታቶ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ መልሼ ነው የምጽፈው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የገጠር አስተማሪ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ከባድ ጥቁር ሳይክል ነዳ። እኔም ወንድሜም መንገድ የሚባል ነገር ያወቅነው በዚያ ሳይክል አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው። አሁን ያ ሳይክል ከቤቱ ጀርባ ዝጎ ቆሟል። በረንዳው ላይ የተሰቀለው ሐዋሳ የሚሠራው ወንድሜ ገዝቶ፣ ሁለት ወር ነድቶ፣ ሰልችቶት የተወው ማውንቴን ባይክ ነው። ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ መሪው ቀጥ ያለና ዝቅ ያለ፣ ኮርቻው ከእጄ መዳፍ ብዙም የማይሰፋ።

አባቴ አውርዶ ግቢ ውስጥ ሞከረው። ሁለት ዙር ዞሮ ወገቡን ይዞ ወረደ።

«ይሄ ለሌባ የተሠራ ነው» አለ። «ሰርቆ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚሮጥ። እኔ ቀና ብዬ ሰው ሰላም እያልኩ ነው የምሄደው።»

ልቤ ተረጋጋ። ሳይክሉ ራሱ ይከለክለዋል ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን በማግስቱ አሮጌውን ከቤቱ ጀርባ ጎትቶ አወጣና «ከዚህ የሚሆነውን ወደዚያ እናዛውረዋለን» አለኝ።

የወሰድነው የሳይክልና የሞተር መለዋወጫ ወደሚሸጥ አንድ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ሶዶ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ ራሱ ይጠግናል፣ ሥራ ሲይዝ ስልክ አያነሳም። አባቴ በአማርኛው፣ ጾታውን እንደፈቀደው እየለዋወጠ አስረዳው፦ «ይቺ መሪ በጣም ዝቅ ብሏል። ይሄ ወንበር ደግሞ ጨካኝ ናት።»

ሰውየው ሳይክሉን ገልብጦ አቆመውና ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «አባባ፣ የት ነው የሚሄዱበት?» አለ።

«ቦዲቲ፣ ከዚያ ቢጠና።»

«እስከ ቦዲቲ አስፋልት፣ ከዚያ ጠጠር። ከጠጠሩም የባሰ አለ» አለ። ማስጠንቀቂያ አልነበረም፣ ለራሱ ሥራ ሒሳቡን እያወጣ ነው። እኔ ግን ማስጠንቀቂያ አድርጌ ያዝኩትና አባቴን ገላመጥኩት። አባቴ ጎማ እየመረጠ ነበር።

ሥራው የሦስት ቀን ከሰዓት ፈጀ። ጥርሳሙን ጎማ አውልቆ መሐሉ ለስላሳ፣ ዳርና ዳሩ ብቻ ጥርስ ያለው አገባለት፤ አስፋልት ላይ ጉልበት አይበላም፣ ጠጠር ላይም ይይዛል። የአሮጌውን ሳይክል ወደ ኋላ የታጠፈ መሪ ፈታና በአዲሱ ላይ ሊያስር ሲል ቀጠነበት፤ ከጣሳ ስስ ቆርቆሮ ቆርጦ ጠቀለለበትና አጠበቀው። መሪው ከፍ ሲል የፍሬኑ ሽቦ አጠረ፤ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ሽቦው ተወጥሮ ፍሬኑን ራሱ ይይዘዋል። ሰውየው እንደዚያ ሆኖ አልሰጥም አለና ሁለቱንም ሽቦ በረጅም ቀየረ። የፊቱን ሞላ አጠንክሮ አሰረው። ጭቃ መከላከያ አደረገለት። በመጨረሻ የአሮጌውን ሰፊ፣ ከሥሩ ሞላ ያለው የቆዳ ኮርቻ ዘይት ቀብቶ አመጣ።

«ይውጡ» አለው አባቴን፤ እሱ ከኋላ ያዘለት። አባቴ ተቀምጦ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ አድርጎ እግሩን ዘረጋ። ሰውየው ኮርቻውን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እንደገና ከፍ አደረገና የአባቴ ጉልበት ቀጥ ሲል አቆመው። ከዚያ ሚስማር አንስቶ ኮርቻው የቆመበት ብረት ላይ፣ ቱቦው ውስጥ ከሚገባበት እኩል፣ አንዲት ጭረት አደረገ።

«ይቺን ጭረት አይልቀቁ። ከዚህ ከወረደ ጉልበት ይበላል። ከወጣ እግር አይደርስም።»

አንድ ነገር ብቻ አልገባውም ነበር፣ እኔም አልገባኝም። አባቴ ለኋላ መጫኛው በያጅ ጋ ሄዶ ከፌሮ አስበይዶ መጥቶ ነበር፤ ሰፊ፣ ጠንካራ፣ የሳይክሉን ግማሽ ያህል የሚከብድ።

«ምን ሊጭኑበት ነው?»

«ምንም» አለ አባቴ።

«ምንም ለመጫን ይሄን ሁሉ ፌሮ?»

አባቴ ፈገግ ብሎ ስፋቱን በስንዝር ለካው። ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ በአራት የብረት ማሰሪያ ፋሸታ ከሳይክሉ ጋር አሰረው።

ከዚያ አባቴ ሊሞክረው ወጣ። እስከ አደባባዩ ሄዶ ተመለሰ። ሲመለስ አየሁት፤ ጀርባው ቀጥ ብሏል፣ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሰላም አለ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁበትም። መደሰት ሲገባኝ ፈራሁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የተማመንኩት በሳይክሉ ክፋት ነበር። አሁን ሳይክሉ ደግ ሆነ፣ አባቴ ሊሄድ ነው።

ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። ቅጥቅጡ ቀድሞ ለመጫን እንዴት እንደሚበር፣ አይሱዙው ጠርዝ ላይ ያለን ሰው ሰው እንደማይል አውቃለሁ። አንድ ወላጅ ቀብሬያለሁ፣ የቀረኝን አንዱን ለአይሱዙ አልሰጥም፣ ብዬ ቆረጥኩ።

አሁን የራሴን ጉድ መናገር አለብኝ። እኛ ቤት ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አይነገርም። ሰው ሲሞት እንኳ «ታሟል፣ ና» ይባላል፤ መርዶው የሚነገረው ደርሰህ፣ በልተህ፣ ሰዎች ከበውህ ነው። እናቴ ስትታመም ሐኪሙ የነገረው ለእኔና ለወንድሜ ነው፦ ካንሰር ነው፣ ተስፋፍቷል፣ ወራት ነው የቀራት። ከሐኪም ቤቱ በር ሳንወጣ ተስማማን። ለአባባ አይነገርም። ግፊት አለበት፣ ይሰበራል። «ትድናለች፤ መድኃኒቱ ጊዜ ይፈልጋል» አልነው። ቢጠና ላለው አጎቴም በስልክ ያንኑ አልኩት። የዋሸሁት በፍቅር ነው፣ ይህንንም ዛሬ ድረስ እምላለሁ። አባቴ ነገሩን ያወቀው በመጨረሻው ሳምንት ፊቷን አይቶ ነው። አንድም ቀን «ለምን አልነገራችሁኝም?» አላለኝም። አለመጠየቁን እኔ እንደ ምሕረት ቆጠርኩት።

እንግዲህ ይህን የለመደ ሰው ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። በማግስቱ ብቻዬን ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«እንዲሄድ አልፈልግም» አልኩት ሰውየውን። «አደጋ የሌለው፣ ግን የማይመች አድርግልኝ። ራሱ እንዲተወው።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። «መምህር፣ እኔ የተበላሸ እሠራለሁ እንጂ የተሠራ አላበላሽም።»

«ለሱው ብዬ እኮ ነው።»

«ፈርተሽ ከሆነ ‹ፈርቻለሁ› በይው። ይሄ መፍቻ አይፈልግም።»

ተናደድኩ። ምን አገባው፣ አባቱ አይደል። ደግሞ እውነቱን ስለተናገረ ይበልጥ ተናደድኩ። ለቤት የሚሆን መፍቻ ስጠኝ አልኩት፤ ብሩጎላ የሚሉትን፣ ጫፉ የታጠፈውን። ሸጠልኝ።

እሑድ ከሰዓት አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳለ በረንዳው ላይ ተንበረከክሁ። የኮርቻውን ማጥበቂያ ፈታሁ፣ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረግሁት፤ ጭረቷ ቱቦው ውስጥ ገብታ ጠፋች። አፍንጫውን ደግሞ ወደ ላይ ቀና አደረግኩት። ሳይክል የነዳ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፦ ዝቅታው ጉልበት ይበላል፣ አፍንጫው ደግሞ መቀመጥ ይከለክላል። ከከተማ ሳይወጣ «ልጄ፣ አልሆነልኝም» ይላል፣ እኔም «አይ አባዬ፣ በቃ ሚኒባስ እንይዝ» እላለሁ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ጂኦግራፊ የማስተምር፣ ተማሪ ሲኮርጅ ከሃያ ሜትር የምይዝ ሴት ነኝ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አባቴ እዚያ ቦታ እንደሚያመው ለሴት ልጁ የሚናገር ሰው አይደለም። ሞቶ ይገኛል እንጂ አይነግራትም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። እኔ ከስፖርት መምህሩ የተዋስኩትን ሳይክል ይዤ፣ ሱሪ ላይ ቀሚስ ደርቤ፣ ሰፈር ምን ይለኛል እያልኩ። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ በዚያ የፌሮ መጫኛ ላይ አንድ ብርድ ልብስ አጣጥፎ በጎማ ቁራጭ አጥብቆ አሰረ። ለቢጠና ብርድ ነው ብዬ አሰብኩ። ወጣና ተቀመጠ። ለአፍታ ወደ ታች፣ ወደ ኮርቻው ሥር ተመለከተ። ቀና ብሎ አየኝ።

«እንሂድ» አለ።

ዳሞታ በግራችን ደመና ለብሶ ነበር። የከተማው ጫፍ ደረስን፣ አለፍነው። «አልሆነልኝም» የሚለውን ቃል ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። አልመጣም። ከኋላው ሆኜ አየዋለሁ፤ ጉልበቶቹ ከሚገባቸው በላይ እየታጠፉ ወደ ደረቱ ይወጣሉ። በየመቶ ሜትሩ ፔዳሉ ላይ ቆሞ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ እንደገና ይቆማል።

«አባዬ፣ እንዴት ነው?»

«ሎዖ» አለ። ደህና ነው ማለቱ ነው።

ሌላ ኪሎ ሜትር። «ይመቻል?»

«ጥሩ አድርገሽ አሠርተሽልኛል።»

ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ ነበርኩ። ልጅ ያሠራችለትን ነገር አባት አያቃልልም፤ ይህንንም ረስቼው ነበር። እኔ ያሰላሁት በሕመሙ ብቻ ነው።

ከኋላችን የጡሩምባ ድምፅ መጣ። ዞሬ አየሁ፣ ሁለት ቅጥቅጥ እየተሽቀዳደሙ ነው። «አባዬ፣ ዳር ያዝ» ብዬ ጮህኩ። በዚያች ሰዓት አባቴ ፔዳሉ ላይ ቆሞ ነበር። ተቀምጦ ቢሆን በሁለት ጎኑ ክብደቱን ይዞ ይረጋ ነበር፤ ቆሞ ነው ነፋሱ የመታው። ሳይክሉ ወደ ግራ ተወዛወዘ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወርዶ አፈሩ ላይ ዘለለ። ሁለተኛው ቅጥቅጥ በእኛና በሞት መካከል አንድ ክንድ ትቶ አለፈ። አባቴ ወደቀ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው እየሄደ ነው፣ እጆቹ መሪው ላይ ነጥተዋል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ከአደጋ ልጠብቀው ብዬ አደጋውን በእጄ ብሩጎላ አጥብቄ አስሬለታለሁ። አሁን «ቁም» ማለት፣ መናገር፣ ማስተካከል ነበር የሚገባኝ። ምላሴ አልታዘዘኝም። ቦዲቲ ስንደርስ፣ አልኩ። ቦዲቲ ስንደርስ እሱ ሳያይ አስተካክለዋለሁ። እንደገና እሱ ሳያይ።

ቦዲቲ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ቆምን። ሻይና ዳቦ አዘዝኩ። አባቴ ሻዩን ቆሞ ጠጣ።

«ተቀመጥ እንጂ።»

«ስቀመጥ ነው የመጣሁት፣ ልቁም።»

ከዚያ እጄን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። ተስፈንጥሬ ተነሣሁ። ከቦርሳዬ መፍቻውን አወጣሁ፣ ወደ ሳይክሉ ተጠጋሁ፣ ጎንበስ አልኩ። በጥድፊያ ጫፉ ቀዳዳውን ሳተው። እንደገና ሞከርኩ። የጓሮው በር ሲጥ ሲል ሰማሁ። መፍቻውን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ቀና አልኩ፣ ጎማውን በጣቴ ተጭኜ ነፋሱን የምመረምር መሰልኩ።

«ለጠጠሩ ትንሽ ነፋስ ማስወጣት አለብን» አልኩት።

«እውነትሽን ነው» አለና ራሱ ጎንበስ ብሎ ከሁለቱም ጎማ ትንሽ ትንሽ አስወጣ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር፣ ገና ፀሐዩ ሳይበረታ። «ደክሞሻል እንዴ? መኪና ልፈልግልሽ?» አለኝ። ያላግጥብኛል። እኔ በኀፍረት እየሞትኩ ነው።

ከቦዲቲ ወጥተን አስፋልቱን ለቀቅን። የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ ሙሉ ሰው ነው፤ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ በጆንያ የተሸከሙ ሴቶች፣ እንጨት የጫኑ አህዮች። አባቴ ሁሉንም «ሳሮ» ይላል፣ እነሱም «ሳሮ» ይሉታል፣ ቀጥሎም እኔን አይተው አንዱ ለሌላው ይጠቋቆማሉ። ጠጠሩ ላይ አዲሱ ጎማ አልከዳውም፣ ከፍ ያለው መሪም ክንዱን አላስጨነቀውም። ሰውየው የሠራው ሁሉ ሥራውን እየሠራ ነበር። የኔ ብቻ ነው ያልሠራው፤ ወይም እሱም እየሠራ ነበር።

ቁልቁለቱ መጣ። ዝናቡ መሐሉን ቦርቡሮት ጠጠሩ በሁለት ዳር ተከምሯል። አባቴ ፔዳሉ ላይ እንደቆመ መውረድ ጀመረ። ሁለቱንም ፍሬን ይዟል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው መሰለኝ፣ በሙሉ ክብደቱ ኮርቻው ላይ ወረደ። ከአባቴ አፍ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ። መሪው ተጠመዘዘ፣ ሳይክሉ ከዳሩ አፈር ጋር ተጋጨ፣ አባቴ በጎኑ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ሳይክሌን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ሴቶቹ ከእኔ ቀድመው ደረሱ፤ ሸክማቸውን አውርደው ደግፈው አስቀመጡት። ክርኑ ተልጧል፣ ሌላው ደህና ነው። አንዲት አሮጊት ወደኔ ዞራ «ሽማግሌ ሰው እንደዚህ ታንገላቻለሽ?» አለችኝ። አባቴ «እኔ ነኝ ያመጣኋት» ብሎ መለሰላት። ውኃ አጠጥተውት፣ መርቀውት፣ ሸክማቸውን አንሥተው ሄዱ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፣ አቅም ስላጣሁ ነው።

«አባዬ፣ ኮርቻውን ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

እጁን ኮቱ ኪስ ከተተና አንድ ነገር አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳየኝ። ጫፉ የታጠፈ መፍቻ። ከኔው ጋር አንድ ዓይነት።

«ሰውየው ለመንገድ ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። ከሶዶ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«አውቀህ ነበር?»

«ጭረቷ የለችም። ከግቢ ስንወጣ አየሁ።»

«ታዲያ ለምን አላስተካከልከውም? ለምን ተሠቃየህ?»

«እኔ ብነካው እጇን እንደተያዘች ሌባ ያደርግሻል። ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። ቦዲቲ ላይ መፍቻ ስታወጪ በበሩ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ ጨርሳ ትነግረኛለች ብዬ ቆየሁልሽ። በሩ ነው ያጋለጠኝ።»

ሣር ነጨሁ። አንድ የጫነች አህያ ባለቤቷን ቀድማ በፊታችን አለፈች። ከዚያ አባቴ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ፣ አንድ ዓመት ከምናምን ያልተናገረውን ተናገረ።

«ያኔም እንዲሁ ጠብቄሽ ነበር።»

የእናቴን ነገር ካወቀ በኋላ ማለቱ ነው።

«እናትሽን ከቢጠና ያመጣኋት በሳይክል ነው፣ በዚያ በአሮጌው፣ ከኋላ አስቀምጬ። ስትታመም ‹ወንድሜን ልይ፣ ውሰደኝ› አለችኝ። ‹ስትድኚ› አልኳት። ትድናለች ብላችሁኛላ። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስቴም ‹ስትድኚ› አልኳት።» ወደ መጫኛው፣ ወደ ታሰረው ብርድ ልብስ ተመለከተ። የእናቴ ብርድ ልብስ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። «እሷ እንደማትድን ታውቅ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት። እምቢ እንዳልኳት ሄደች።»

አለቀስኩ። አይዞሽ አላለኝም። ለኔ ብለሽ ነው አላለኝም። አላቀፈኝምም። ክርኑን በመሐረብ እየጠረገ እስክጨርስ ጠበቀ፤ ስጨርስም መፍቻውን ዘረጋልኝ።

«በይ። አንቺው አንሺው።»

ሳይክሉን አቁሜ ፈታሁ። ኮርቻውን ሳብኩ፤ አፈር ገብቶበት ኖሮ እምቢ አለኝ፣ እያጠማዘዝኩ ሳብኩት። ጭረቷ ከቱቦው ብቅ ስትል አቆምኩ። አፍንጫውን አስተካከልኩ፣ አጠበቅኩ። አባቴ ወጣና ተቀመጠ፣ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ አድርጎ እግሩን ዘረጋ። ቀጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ከኋላው ሆኜ ስከተለው አንድም ጊዜ አልቆመም። ዳገቱን በቀላል ማርሽ ቀስ ብሎ ወጣ፣ የተቦረቦረውን በዳር በዳር አለፈ፣ ቀና ብሎ ሰው ሰላም አለ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ መኪና በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል። ግን አሁን «አባዬ፣ ፈርቻለሁ» እያልኩ ጮክ ብዬ ነው የምፈራው፤ እሱም «ሰምቻለሁ» እያለ ዳር ይይዛል።

አጎቴ ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እግሩ አይሄድም፤ ለቀብሯም ሰዎች ይዘውት መምጣት አልቻሉም ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። ከዚያ አባቴ ብርድ ልብሱን ከመጫኛው ፈትቶ አጎቴ ጉልበት ላይ አኖረው። አጎቴ በእጁ ዳበሰው፣ ወዲያው አወቀው።

«ታማለች ስትሉኝ በቃሬዛም ቢሆን ያምጡኝ ብዬ ነበር» አለ። ወደኔ እያየ ነው። «አንቺ ግን በስልክ ‹ትድናለች፣ ራሷ ትመጣለች› አልሽኝ። እኔም አመንኩሽ። ለካ በድንገት ነው የጠናባት።»

አባቴ ወደ እንሰቱ ዞሮ ቆመ። አልረዳኝም። እየጠበቀ ነበር።

«አጎቴ፣ በድንገት አይደለም» አልኩት። «እንደማትድን ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር።»

እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ስንት ወር ነበረን?» አለኝ።

«አራት ወር» አልኩት።